ፔዳሏ የያዘችው ድምፅ

ሰፈሩ ሁሉ «ኦርኬስትራው» ይለዋል። ባንድ ስላለው አይደለም፤ ሰፈሩ ካፌ ውስጥ በአንድ ጊታር ሁሉንም ብቻውን ስለሚጫወት ነው። እግሩ ስር ያለችውን ፔዳል ረገጥ ሲያደርጋት የተጫወተውን ቀድታ ደጋግማ ታሰማለች። በዚያ ላይ ቤዙን ይደርባል፣ የጊታሩን ሆድ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ከዚያ ዜማውን ያስከትላል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሙሉ ባንድ የቆመ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ፣ የካፌው ባለቤት፣ ዘፋኝ ይዘውለት መጡ። በሥራ ቀን ሕፃናት የምታስተምር፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ማይክራፎኑ ጋ ስትጠጋ ፔዳሏን በተረከዟ ረገጠቻት።

«ውይ፣ ይቅርታ!»

ፔዳሏ መቼ ትምራለች!

«ውይ፣ ይቅርታ!... ውይ፣ ይቅርታ!... ውይ፣ ይቅርታ!...»

ካፌው በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«በቃ፣ በቃ! ከልቤ ይቅር ብያለሁ!» አለ ኦርኬስትራው፣ ጎንበስ ብሎ እያጠፋት።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ልቡ ድንግጥ አለ።

ሥራው ግን አልገጠመም። እሷ የወደደችው ቃል ላይ መቆየት ትወዳለች፤ ፔዳሏ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

«ከምቱ ወጣሽ እኮ።»

«እሷ ናት ጥላኝ የሄደችው!» አለች፣ ፔዳሏን በአገጯ እያሳየች። «ትንሽ ብትታገሰኝ ምን አለበት?»

«ማሽን አይታገስም።»

«አንተስ?»

ጎንበስ ብሎ ፔዳሏን አጠፋት። የድሮ ባንዱ ጓደኞች አንድ በአንድ ጥለውት ከሄዱ ወዲህ የቀረችው ባልደረባ ፔዳሏ ብቻ ናት። አታረፍድም፣ አትቀርም፣ አትኮራም። ሰውን እየሰሙ መጫወት እንዴት እንደሆነ ረስቶታል።

ቅዳሜዎች ተከታተሉ። ከሥራ በኋላ እስከ ፌርማታው ይሸኛት ጀመር። አውቶቡሱ ቶሎ ሲመጣ ሁለቱም ይከፋቸዋል፤ ግን ማንም አይናገርም።

አንድ ቀን ቀደም ብላ መጣች። ከካፌው ውስጥ ዘፈን ይሰማል። የራሷ ድምፅ! ኦርኬስትራው ጊታሩ ላይ አቀርቅሯል፤ ድምፅዋ ከፔዳሏ እየወጣ ይደጋገማል።

«ጎሽ!» አለች በሩ ላይ ቆማ። «የማታረፍድ፣ ከምት የማትወጣ ዘፋኝ አገኘህ!»

«መጣሽ እንዴ? ቆይ፣ እኔኮ...»

«ድምፄን ካስቀረህ እኔ ምን አደርግልሃለሁ? ለጋሼ ሥራውን ትታለች ብለህ ንገርልኝ።»

ወጣች። ተከትሏት ሊሮጥ ሲል የጊታሩ ገመድ ጎትቶ አስቀረው። መንጭቆ ነቀለና ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩጫ ወጣ። መንገደኛው ቆሞ አየው።

ፌርማታው ላይ ደረሰባት።

«አንድ ነገር ስሚኝና ከዚያ ሂጂ።»

«ማሽንህ ብቻዋን ቀረች፤ እንዳትከፋብህ!»

«ትከፋ! ድምፅሽን የቀዳሁት...» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «የምትተነፍሺበትን ቦታ ላጠና ነው። የምትዘገዪበትን... ያለ ፔዳል ላጅብሽ ፈልጌ። መከተል እንደጠፋብኝ ልነግርሽ አፍሬ ነው።»

«ሳታስፈቅደኝ?»

«ሳላስፈቅድሽ። አጥፍቻለሁ። አብረን ሄደን እንሰርዘው።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጊታሩን አየ።

«እህቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትታረቂያለሽ?»

«ገና አልወሰንኩም» አለች።

ሾፌሩ እየሳቀ ሄደ። እሷ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«እስቲ ተጫወት። ልይህ።»

ያለ ስፒከር ጊታሩ ድምፁ ቀጭን ነው። እሷም በለሆሳስ ጀመረች። የምትወደው ቃል ላይ ስትደርስ ቆየች። ሆን ብላ ከወትሮው ይበልጥ ቆየች። ጣቶቹ ክሩ ላይ ቀጥ አሉ። ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። አየር ስትስብ አብሯት ሳበ፤ እኩል ገቡ!

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አደከምኩህ?»

«ኧረ በፍጹም! ... እወድሻለሁ እኮ።»

«ይሄንን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀኸው?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔም... እኔም እወድሃለሁ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመለሱ ጋሼ በር ላይ ተቆጥተው ቆመዋል።

«ሰው ሞልቶ የት ጠፋችሁ? ለመሆኑ ዛሬ ማነው የሚጫወተው?»

«እኛ» አሉ ሁለቱም።