የሳቢሪን የቀትር እንቅልፍ

በድሬዳዋ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ የሚተኛ በመሆኑ፣ በእነዚህ ሰዓታት መወለድም ሆነ መሞት የተከለከለ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ሳቢሪን ክልከላውን ጥሳ ሞተች።

ኢንስፔክተር ፋርሒያ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካለችው የኪራይ ክፍል ስትደርስ፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ የስፌት ሠራተኛ ፍራሿ ላይ እንደተኛች ነበረች። አከራይዋ ሑዳ፣ አላልቅ ባለ የስልክ ጩኸት ተናዳ ብትገባ ነው ያገኘቻት። ራስጌዋ ግማሽ ብርጭቆ የፓፓያ ጭማቂና አዲስ ስልክ አለ። ሁለቱንም ያመጣው እጮኛዋ ሙስአብ ነው። ሰፈሩ «መርዟት ነው!» ብሎ ፈረደ፤ ሙስአብ ታሰረ።

በሳምንቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ጭማቂው ንጹሕ፤ ልቧም ጤነኛ።

«ማን ነበር የሚቀሰቅሳት?» አለች ፋርሒያ።

«እኔ ነኛ፣ አቦ!» አለች አብራት የምትኖረው ቢታንያ። «እግሯን ዳሰስ አድርጌ። አባቷ ጮኸሽ እንዳትጠሪያት ብሎ አስምሎኛል። 'የንጉሥ ልጅ ነሽ?' እያልኩ አበሽቃት ነበር።»

«ወድቃ ታውቃለች?»

«ፋብሪካ ሳይረን ሲጮህ፣ አንዴ። 'ጅኒ አለባት ካሉ ሠርጌ ይቀራል፣ ለማንም እንዳትነግሪ' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዋን በጥጥ ሳትወትፍ አትገባም።»

«የሞተች ቀንስ?»

«እኔ ስምንት ሰዓት መግባት ነበረብኝ፣ እሷ አሥር ሰዓት። ተኝታለች። እንዳታረፍድ ብዬ ስልኳ ላይ ለዘጠኝ ሰዓት አላርም ሞላሁላት፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ።»

ፋርሒያ ከዚራ ሰፈር፣ ወደ ሳቢሪን አባት፣ ወደ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ወደ አብዱላሂ ቤት ሄደች። የግድግዳው ሰዓት ይሠራል፤ የደወሉ መዶሻ ግን ተነቅሏል። የበሩ ጠርዝ በጎማ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ስልኳ መጥራት ሲጀምር፣ ሽማግሌው ዘሎ ያዘውና ጆግ ውኃ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ዘወር ብሎ ያየው እሷን አይደለም፤ ትንሿን ልጁን ዚነትን ነው።

በማግስቱ ፋርሒያ ዚነትን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ማታውን ሁሉንም አብዱላሂ ቤት ሰበሰበችና በመጀመሪያ የሙስአብን ካቴና ፈታች።

«መርዝ የለም» አለች። «የዚነት ልብ ተለክቷል። ሥጋው ደህና ነው፤ ከምት ወደ ምት ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚሞላው ግን ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያለ ልብ በድንገተኛ ጩኸት ከደነገጠ ምቱ ይዘበራረቃል፤ ሰው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንዳንዴ አይነሣም። አስከሬን ቢከፈት አይታይም። በዘር ይወረሳል። ሳቢሪን በሳይረን ወደቀች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጥጥ በሌለው ጆሮዋ፣ አላርሙ ጮኸ።»

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ቢታንያ ፊቷን ሸፍና።

«አላወቅሽም። ዚነትም መድኃኒት ጀምራለች፤ ትኖራለች።»

ሙስአብ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ ስልኩን ልገዛላት ነው ስልህ እዚህ ተቀምጠህ ነበር። አንድ ቃል! በድምፅ ትወድቃለች ብትለኝ እተዋት ነበር? ወላሂ፣ ዕድሜ ልኬን በሹክሹክታ አናግራት ነበር።»

አብዱላሂ ቀና ብሎ መዶሻ የሌለውን ሰዓት አየ።

ፋርሒያ በድሬ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስትል ነው የኖረችው። ያን ጊዜ ግን አንቱታ ከአፏ ወጣ።

«የቤትዎን ድምፅ ሁሉ ሲያጠፉ ኖረው፣ ለምን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገሩም?»

ሽማግሌው የዚነትን እጅ ይዞ ብድግ አለ።

«ይቺንስ ማን ያገባታል? አልናገርም» አለ።