ኦዳርቴይ ያልመሰከረለት ቤት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም.፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ደረቁ የበረሃ ነፋስ አክራ ከተማን አቧራ አልብሶ ፀሐይዋን ባደበዘዘበት ሰሞን ቸነፈር ገባ፤ መጀመሪያ አይጦች ሞቱ፣ ቀጥሎ ሰዎች። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ሹሞችም አዋጅ አስነገሩ፤ በሽታው የተገኘበት ቤት ከአጎራባቾቹ ጋር ጣሪያው ይገፈፋል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ የቤቱም ሰዎች ከከተማ ውጭ ወደ ተከለለ ሰፈር ይወሰዳሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ በባሕሩ ዳር ባለው፣ ጋ በሚባለው ሕዝብ መንደር ልጁን ትኩሳት የያዘበት አባት ለገዛ ወንድሙ እንኳ አይናገርም ነበር፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጥም ዓይኑ የጎረቤቱን ብብትና አንገት አብጦ እንደሆነ ይሰልል ነበር።

በዚያ መንደር ኦዳርቴይ የሚባል፣ ሁሉም "አታ" ማለትም አባት ብሎ የሚጠራው፣ ስሙ የተከበረ የቤት ገማች ነበረ። በአገሩ ሥርዓት ቤት ሲሸጥ በሽማግሎች ፊት ሻጩ የአንድ ቅጠል አንዱን ጫፍ፣ ገዢው ሌላውን ይዘው ይጎትታሉ፤ ቅጠሉ ከተበጠሰ በኋላ መመለሻ የለም። ከዚያ በፊት ግን ገማቹ ተነሥቶ ስለ ቤቱ ይመሰክራል። ኦዳርቴይ ግድግዳን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ምስጥ የቦረቦረውን ስፍራ ይለያል፤ የመሠረቱን ጭቃ ምላሱ ላይ አድርጎ የባሕሩ ጨው ምን ያህል እንደ ዘለቀው ይናገራል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እሱ ከመሰከረላቸው ቤቶች አንድም አልወደቀም።

ዳሩ ግን ከምነግራችሁ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያደረገውን እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቁ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ሲገዛ፣ "አታ፣ በሽታውስ አልገባበትም?" ብሎ በሰው ፊት ጠየቀው። ኦዳርቴይ "አላውቅም" ማለት አፈረ፤ አየሩን ሁለት ጊዜ አሸተተና "ንጹሕ ነው" አለ። በዘጠነኛው ቀን አጥማጁና ሚስቱ ተቀበሩ። ሰው ሁሉ በሽታውን ከገበያ ያመጡት መሰለው፤ ኦዳርቴይ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነበር የአንድ ትልቅ ቤተ ዘመድ አለቃ የሆነው ኒ አማርካይ ያስጠራው። ኒ አማርካይ ሹሞቹ ወደ ሰፈሩ ሳይደርሱ ቤቱን ሸጦ ወደ እርሻው ሊገባ ቸኩሏል፤ ገዢዋ ደግሞ ጾጾ የምትባል፣ ኬንኬይ የተባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ባለፈው ሳምንት በጎረቤት በሽታ ሰበብ የፈረሰባት፣ አራት ልጆቿን በተገለበጠ ጀልባ ሥር የምታስተኛ።

ሽማግሎቹ በግቢው ተቀምጠው ኦዳርቴይ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ይጠብቁታል።

"ምን ታሻሸዋለህ አንተ ሰው?" አለ ኒ አማርካይ ከኋላው እየተከተለ፤ "ግድግዳዬ እኮ ሚስትህ አይደለም።"

ሽማግሎቹ ሳቁ። ኦዳርቴይ ግን አልሳቀም፤ ጓዳው ውስጥ ከሰሌኑ ጠርዝ ሥር አንድ የሞተ አይጥ አይቷል። ቁስል የለበትም። ድመት የነካው አይመስልም።

"ይሄ መቼ ሞተ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኒ አማርካይ ሰሌኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሸፈነው። "አይጥ ድሮም ይሞታል። ለሱም ለቅሶ እንቀመጥ?"

"የታመመ ሰው አለ?"

"ማንም የለም። ግድግዳውን ተናገርና ና ውጣ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ኦዳርቴይ ዓይኑን ከሰሌኑ አላነሣም። ቢናገር ወሬው ሹሞቹ ጆሮ ይገባል፤ መንገዱ በሙሉ፣ የገዛ ቤቱም ጭምር፣ ጣሪያው ይገፈፋል፤ ዝም ቢል ደግሞ አራት ልጆች በዚያ ሰሌን ላይ ሊተኙ ነው። ልጆቼ፣ ፍርሃት ከፊት ብቻ ሲመጣ ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከፊትም ከኋላም የመጣበት ሰው ግን እንዴት እንደሚቆም አይቼ አውቃለሁ፤ እንደ ችካል ነው የሚቆመው።

ወደ ግቢው ሲወጡ ቅጠሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጾጾም ጫፉን ይዛለች።

"አታ" አለችው፣ "እኔ ስለ ግድግዳው አልጠይቅዎትም። ግድግዳ ቢያዘምም ሮጠን እንወጣለን። ይልቅስ ይንገሩኝ፤ ልጆቼን እዚህ ባስተኛ ጠዋት በሕይወት ይነሣሉ?"

ሁሉም አፍንጫውን ያያሉ፤ እስኪያሸት ይጠብቃሉ።

"ግድግዳው ጽኑ ነው፤ መሠረቱም ሃያ ክረምት ይችላል" አለ በመጨረሻ። "በምሥራቅ በኩል አንድ ወራጅ መለወጥ አለበት። የጠየቅሽኝን ግን ልጄ፣ አላውቅም።"

"ኦዳርቴይ አላውቅም አለ?" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ "ዛሬስ ባሕሩ ይደርቃል።"

ኒ አማርካይ ግን አልቀለደም። "ለአጥማጁ አውቀህ ለእኔ ሲሆን ጠፋህ? ማን ልኮህ ነው?"

"ለአጥማጁም አላውቅም ነበር" አለ ኦዳርቴይ። "አላውቅም ማለት አፍሬ ዋሸሁት። ይሄ አፍንጫ የሚያውቀው እርጥበት ነው። ጓዳው ውስጥ የሞተ አይጥ አለ፤ በቸነፈር ይሙት በእርጅና የሚለይ ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም።"

የአጥማጁ አጎት ከሽማግሎቹ መካከል ነበረ። በትሩን አነሣ፤ ኦዳርቴይን ትክ ብሎ አየውና ወጣ። የቀሩትም አንድ በአንድ ተነሥተው ተከተሉት፤ አይጥ አለ በተባለበት ቤት መቀመጥ የፈቀደ አልነበረም።

ጾጾ ቅጠሉን ለቀቀችው። "ለአጥማጁ ውሸቱ ደረሰው፣ ለኔ እውነቱ" አለች። "ታዲያ ዛሬ ልጆቼን የት ላግባቸው፣ አታ?"



በሦስተኛው ቀን የጤና ሹሞቹ መጥተው የመንገዱን ቤቶች ክዳን ገፈፉ፤ የኒ አማርካይ ቤትም፣ የኦዳርቴይም ፈረሰ። ጠቋሚው እሱ ነው ተባለ፤ አልጠቆመም፣ የሚያምነው ግን አላገኘም። ከኒ አማርካይ ቤተ ዘመድ አንድም ሰው በቸነፈሩ አልታመመም። ከጾጾ ልጆች ግን ታናሺቱ ዝናብ በገባ ጊዜ በጀልባው ሥር በሳል ሞተች፤ ሦስቱ አደጉ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ስንት ቤት እንደ ፈረሰና ስንት ነፍስ እንደ ጠፋ ቆጥረው አኑረዋል። ያልተሸጠ ቤት ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ያች ሴት ቤቱን ብትገዛ አራቱም ይተርፉ ወይም አራቱም ያልቁ እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። ኦዳርቴይን ሰዎች ከዓመታት በኋላ መልሰው ጠሩት፤ ግድግዳ ማወቁ ሐሰት አልነበረምና። እሱ ግን ገበያ በወጣ ቁጥር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ ጾጾ ኬንኬይ የምትሸጥበትን ጥግ በሌላ መንገድ ዞሮ ነበር የሚያልፈው።