ያላጨበጨበው ክፍል

የሲኒማ አዳራሹ ሙሉ አፍንጫውን ሲጠራርግ፣ መርፌ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። መርፌ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ምላሷ የነካውን ሳይወጋ ስለማያልፍ።

ስክሪኑ ላይ ደጉ መምህር የዓይናፋሯን ተማሪ ድርሰት አንስቶ ጮክ ብሎ ያነባል። «እናቴ ክር የምትበጥሰው በጥርሷ ነው፤ ስትስቅ ግን ጥርሷ መቀስ መሆኑን ይረሳል።» ክፍሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። መምህሩ እንባውን ሊጠርግ መነጽሩን ሲያወልቅ ወንበሩን ስቶ ዘጭ ይላል። አዳራሹ በእንባው መሃል በሳቅ ፈረሰ።

«ውይ፣ ያቺን ልጅ የወለደች እናት ታድላ!» አለች ልብስ ሰፊዋ እናቷ፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኖቿን እያበሰች።

መርፌ ምን ትበል? ያቺ ዓረፍተ ነገር የራሷ ናት። ሰባተኛ ክፍል ሳለች በገዛ እጇ የጻፈቻት። ፊልሙን የሠራው ሰውዬ የቋንቋ መምህራቸው የድሮ ተማሪ ነው፤ ታሪኩንም ከቲቸር አፍ መስማቱን በየጋዜጣው ተናግሯል።

እውነተኛው ቀን ግን ሌላ ነበር። ቲቸር ድርሰቷን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ድምፁን እንደ ሕፃን አቅጥኖ አነበበው። «ይሄ ድርሰት ነው ወይስ የልብስ ልኬት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ቤት ስትገባ እናቷ «ስንት አገኘሽ የኔ እናት?» ብትላት፣ «ዘጠኝ ከአሥር» ብላ ዋሸች። ከዚያን ቀን ወዲህ መርፌ ቲቸርን በልቧ «አንቱ» ብላው አታውቅም። አንቱታው ለፊቱ ብቻ ነው።

ጋዜጦቹ ፊልሙን አሽሞንሙነውታል። «ሳቅና እንባ በአንድ ትኬት!» አለ አንዱ። «ምነው ሁላችንም እንዲህ ያለ መምህር በኖረን!» አለ ሌላው። አንድ ኮስታራ ሃያሲ ብቻ «ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፤ ይጠጣል እንጂ አይታመንም» ብሎ ጻፈ። መርፌ ይህን ሃያሲ ብታገኘው ጉንጩን ትስመው ነበር።

እውነቱን ለመናገር የቀራት የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነው። እዚያ ደግሞ በየዓርቡ የእረፍት ሰዓት ስለ ፊልም በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷ ናት፤ ግቢው ሁሉ ይሰማታል። ችግሩ አንድ ነው፤ ማንኛውም ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት የቋንቋ መምህሩ ይፈርምበታል።

«ታዲያ ሁለት ጻፊያ!» አለቻት ሬዲዮ። ሬዲዮ ማይክራፎኑን የምትቆጣጠር ጓደኛዋ ናት፤ ስሙን ያገኘችው ግን አፏ መዝጊያ ስለሌለው ነው። «አንዱን ማር ለፊርማ፣ አንዱን ሬት ለጆሮ።»

«ከተያዝኩስ?»

«ከሚኒ ሚዲያ ያባርሩሻል፣ ወላጅ ያስጠሩሻል። ግን ሙድ አለው! ደግሞ ጥፊ ጨምሪበት። በጥፊ አጩሎኛል በይ።»

«አልመታኝም እኮ።»

«እና? ጥፊ የሌለበት በቀል ምኑ በቀል ነው?»

መርፌ ጥፊውን ጨመረችው። ጣፈጣት።

ዓርብ ጠዋት ማሩን ይዛ የመምህራን ክፍል ገባች። ቲቸር ከጠረጴዛው በላይ የጋዜጣ ቁራጮች ደርድሮ ለጥፏል፤ የኮስታራው ሃያሲ ግን የለም። ጽሑፏን አነበበ፤ ደገመው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ አርሞ ፈረመ።

«ያቺ የድርሰቷ ትዕይንት እኮ የእውነት የሆነች ናት፤ ታውቂያለሽ?» አላት ብዕሩን እየከደነ።

መርፌ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ልጅቷ ማን ነበረች ቲቸር?»

«ኧረ ከብዙ ዓመት በፊት ነው! የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፣ ምስኪን። ድርሰቷን ሳነብላት ክፍሉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ።» ዓይኖቹ እውነትም ረጠቡ። «ስሟ ጠፋኝ። ዛሬ ትልቅ ቦታ ደርሳለች አሉ።»

«ይቅርታ ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አፏ ቀደማት።

«ለምኑ?» አለ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«አይ፣ ምንም። አመሰግናለሁ ቲቸር።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቆመች። እያወቀ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ሰውዬው አምኖታል! ጭብጨባውን ራሱ ፈጥሮ፣ ራሱ ሰምቶ፣ ራሱ አልቅሶበታል። እሷን ደግሞ ከገዛ ታሪኳ አውጥቶ ጥሏታል።

የሚኒ ሚዲያው ክፍል ከዕቃ ቤቱ ተከፍላ የወጣች፣ ሁለት ሰው በጎኑ ካልሆነ የማይገባባት ጠባብ ክፍል ናት። መርፌ ሬቱን ከካልሲዋ ውስጥ መዥረጥ አደረገች። ከሬዲዮ እስክሪብቶ ተቀብላ ጥፊው ያለበትን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው።

«አንቺ! ምን ነካሽ? ጨዋታው እኮ እሱ ነው!» ሬዲዮ ጮኸች።

«ጥፊው ከገባ እሱን ብቻ ነው የሚይዘው። ‹እኔ? እሷን? በፍጹም!› ይላል፤ እውነቱን ይሆናል። ከዚያ ሌላውንም ማንም አያምነኝም።»

«በቃ አዘንሽለት ማለት ነው?»

«ማዘን? ማምለጫ ቀዳዳውን እየደፈንኩበት ነው።»



መርፌ ያልደፈነችው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ወላጅ ከተጠራ የምትመጣው እናቷ ናት፤ ያቺ ዘጠኝ ከአሥርም ትወጣለች። እንግዲህ ዛሬ፣ ማንም ሳይቀድማት፣ እናቷ ከስፌት መኪናው ሳትነሳ ራሷ ትነግራታለች። ይህን ወስና ወረቀቱን ዘረጋች፤ ማይክራፎኑንም ወደ ራሷ ሳበች።

በመስኮቱ ቲቸር ይታያታል። ከመምህራኑ መሃል እጁን አጣምሮ፣ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አድርጎ ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ ተማሪዎች» ብላ ጀመረች። «ፊልሙን አይታችሁ ካለቀሳችሁ አትፈሩ፤ እናቴም አልቅሳለች። ተዋናዩ ጎበዝ ነው። ሲወድቅማ የሚያሳዝነው ወንበሩ ነው።»

ግቢው ሳቀ። ቲቸርም ሳቀና አጠገቡ የቆመውን መምህር በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«አንዱ ትዕይንት ግን ተቀይሯል። ያንን ድርሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ክፍሉ አላጨበጨበም።»

የቲቸር ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።  አንድ መምህር ከመሃላቸው ወጥቶ በሩጫ ወደ ሚኒ ሚዲያው መጣ።

የሬዲዮ እጅ ማጥፊያው ላይ ነው። «ላጥፋው?» አለች በሹክሹክታ።

መርፌ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው። ማይክራፎኑን በመዳፏ ሸፍና «ድምፁን ጨምሪው» አለቻት። ከዚያም ሳትቸኩል ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።