አራት ደቂቃ በነፃ

የዋናው መሐንዲስ አስከሬን ከማሽን ክፍሉ ሲወጣ ቴክኒሻኗ ቃሬዛውን እስከ በሩ ተከተለችው። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ ካልሲ ሲጠፋባቸው እንኳ የሚደውሉት ለእሷ ነበር።

ክፍሉ በኢንተርኔት የሚሠራው የስልክ ኩባንያ ዋና ማሽኖች የተደረደሩበት ነው። መስኮት የለውም፣ የሞባይል ኔትወርክ አይገባውም፣ በሩም በራሱ ይቆለፋል። ከውስጥ የሚከፈተው በአንዲት የምትጫን መክፈቻ ብቻ ነው። የመክፈቻዋን ሽቦ አንድ ሰው ቆርጦታል። ያው ሰው ከውጭ ሆኖ የእሳት ማጥፊያውን ጋዝ ለቆባቸዋል። ጋዙ እሳትን የሚያጠፋው አየር በማሳጣት ስለሆነ ለሰውም አይመለስም።

ጥበቃው ከባልደረባው ጋር ከውጭው በር አልተነቃነቀም። በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ህንፃው ውስጥ የነበሩት እንግዲህ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የኩባንያው ባለቤት፣ የእህቱ ባል የሆነው የሽያጭ ኃላፊ እና ቴክኒሻኗ። ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም መስኮቱ በማይከፈት የስብሰባ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኪሳቸው ውስጥ የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

ባለቤቱ የጥሪ መዝገቡን አትሞ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጌታዬ፣ ይኸው። ከማሽን ክፍሉ የግድግዳ ስልክ የተደወለ። የተደወለበት ቁጥር የእሷ ሞባይል። ተነስቷል። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።»

ቴክኒሻኗ ወረቀቱን አየችው። ቁጥሩ የራሷ ነው።

«አልደወሉልኝም! ስልኬ አልጮኸም፣ ይኸው እዩት።»

«ከስልክ ላይ መሰረዝ ምን ይከብዳል?» አለ ባለቤቱ።

«መዝገቡ ሲጠራ ነው የሚቆጥረው ወይስ ሲነሳ?» ብለው ጠየቁ ኢንስፔክተሩ።

መልሱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ሲነሳ ብቻ» አለች፤ ገመዱን በገዛ እጇ አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ታወቃት።

«እባካችሁ አታስጨንቋት» አለ የሽያጭ ኃላፊው። በምላሱ ጣፋጭነት የተነሳ ቢሮው ሁሉ «ወለላ» ይለዋል። «ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም። አንስታ ክው ብላ ቀርታ ይሆናል።»

ጥብቅና የቆመላት መስሎ ጉድጓዷን አስፍቶላት ተቀመጠ። ጥሪው ስልኳ ላይ መድረስ አለመድረሱን የሚነግረው የሞባይል ኩባንያው መልስ የሚመጣው ነገ ነው፤ ካቴናው ግን ዛሬ በፖሊሱ ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት ትታት የመጣችው ሴት ልጇ «እማዬ የት ሄደች?» ስትል ማን ምን ሊላት ነው?

ኢንስፔክተሩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበቡ ነበር። «‹ሠራተኛ የሚያደርገው ማንኛውም ጥሪ ከደመወዙ ይቆረጣል።› የምር ነው?»

«ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ቢደወልም እንኳ» አለ ባለቤቱ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ያልተተመነብን ማስነጠስ ብቻ ነው» አለች ቴክኒሻኗ ሳታስበው።

ወለላ ሳቀ። «እኔ እንኳ የስልክ ቢል ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ አብረው ሳቁና ቴክኒሻኗን ወደ ማሽን ክፍሉ ወሰዷት። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ዞራ እጀታውን ያዘች።

«አይዞሽ፣ ፖሊስ ውጭ ቆሟል። እስቲ ጥሪ እንዴት እንደሚጓዝ እንደ ሕፃን ቁጠሪኝና አስረጂኝ።»

«ቁጥሩን ሲጫኑ ማሽኑ መንገድ ይመርጥለታል። በአንደኛው መንገድ በሃያ ሰከንድ ካልተነሳ ወደ ሁለተኛው ያሳልፈዋል።»

«የዚህ ስልክ ሁለተኛ መንገድ ወዴት ነው?»

«ጥበቃው ጋ።»

«መንገዱን ማን መቀየር ይችላል?»

«ጋሼ፣ እኔ፣ ባለቤቱ። ወለላም ለደንበኛ ሲያሳይ ይቀያይራል።»

«ተቀይሮ ሌላ ሰው ጋ ቢሄድ መዝገቡ ላይ የማን ቁጥር ይጻፋል?»

«ደዋዩ የተጫነው...» አለችና ዘወር ብላ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ከፈተች። «የእኔ! ግን የተቀየረበት ታሪክ ተሰርዟል። በምን ላስረዳ?»

«ዋጋውስ የሚሰላው በተደወለው ነው በደረሰበት?»

«በደረሰበት።»

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አገኙት።

ወደ ስብሰባው ክፍል ሲመለሱ ወረቀቱን ባለቤቱ ፊት ዘረጉት። «ከዚህ ስልክ ወደ ሞባይል ሲደወል ያስከፍላል?»

«በደንብ ነዋ።»

«ወደ እርስዎ ጠረጴዛስ?»

«እኔም እከፍላለሁ፤ ሕግ ሕግ ነው።»

«ታዲያ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለው ዜሮ ምንድን ነው?»

ባለቤቱ ወረቀቱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ነፃ የሆነው አንድ መስመር ብቻ ነው። ለደንበኛ ማሳያ የሰጠሁት...» ቀና ብሎ የእህቱን ባል አየው።

«ቢል አይቶ የማያውቅ ሰው» አሉ ኢንስፔክተሩ ወደ ወለላ ዞረው፣ «ዋጋ የሚጻፍበት ዓምድ እንዳለም ትዝ አይለውም። መንገዱን ወደ ራስህ አዞርክ። መሐንዲሱ ሲጨንቃቸው ለማን እንደሚደውሉ ታውቃለህ፤ መዝገቡ እሷን እንዲከስልህ ነው። አንተ ባታነሳው ጥሪው በሃያ ሰከንድ ጥበቃው ጋ ሄዶ በሩ ይከፈት ነበር። ስለዚህ አነሳኸው፤ ትንፋሻቸው እስኪያበቃም ያዝከው።»

«ምን አደረጉኝና ነው የምገድላቸው?»

«ጠረጴዛቸው ላይ ያገኘሁት ማስታወሻ ደብተራቸው ስም ሳይጠቅስ ይናገራል። በነፃው መስመር የውጭ ሰዎችን ጥሪ እያሳለፍክ ትሸጥ ነበር፤ ሰኞ ለባለቤቱ ሊነግሩ ነበር።»

ወለላ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሱ ቆሞበታል። ካቴናው ሲጠልቅለት አልታገለም።

ቴክኒሻኗ ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ምን አልካቸው?»

«ምንም። ትንፍሽ አላልኩም።»

«እሳቸውስ?»

ወለሉን እያየ መለሰ። «‹ልጄ፣ ድረሺልኝ› ነበር የሚሉት። መጨረሻ ላይ... ‹ለምን ዝም አልሽኝ?› አሉ።»

ወሰዱት። ኢንስፔክተሩ በሩን ከፍተው ያዙላት። «በቃ፣ ነፃ ነሽ። ልጅሽ ጋ ሂጂ።»

እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ያልጮኸውን ስልኳን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ያዘችው።

«እኔ አልነበርኩም፣ ጋሼ» አለች።