ያልፍልዎታል

የባቡር ሐዲድ ወደዚያች ከተማ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ያባራበት አንድ ጠዋት ነበር፤ በታችኛው ሰፈር ጭሱ ከየጣራው ላይ ሳይነሳ፣ የጋሪ ጎማ ያረሰው ጭቃም ገና ሳይረጋ፣ ሰው ሁሉ ማር ምላስ እያለ የሚጠራው ደላላ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ አንዲት ፊደል ያጠና ነበር።

«ብ» ይላል ለራሱ። «ብ። ያልፍ… ብ… ዎታል።»

ሚስቱ እሳቱን ትታ ዞረች። «ደግሞ ዛሬ በግ ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው በጠዋት ተነስቶ ብ ይላል?»

አልመለሰላትም፤ ያላወቀ ሰው አይሰቀልም ብሎ ያምን ነበርና። ኮቱን ሲለብስ ግን ቁልፉ ከቀዳዳው አልገባ አለው፤ እርሷም ቆለፈችለት።

የዚህን ሰው ፍርሃት ለመረዳት ሁለት አዋጆችን ማወቅ ያሻል። ከአዋጆቹ በፊት የዚያች ከተማ ደላሎች ጎጆውን እልፍኝ፣ እልፍኙን ቤተ መንግሥት እያሉ ይሸጡ ነበር፤ ግድግዳው ያበጠውን «ሰፊ»፣ ጣራው የተቀደደውን «አየር የሚገባው» ይሉታል። ከሁሉም የበለጠው ማር ምላስ ነው። ውሉ ሊታሰር ሲል እጁን በበሩ መቃን ላይ ያሳርፍና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ቤት ይግዙ፤ ያልፍልዎታል» ይላል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ብሏል። ካለፈላቸው ይልቅ ጣራው ያፈሰሰባቸው ይበዙ እንደነበር ከራሱ በቀር ማንም አልቆጠረም።

ይህን ሲታዘብ የኖረ መንግሥት የጉድለትን አዋጅ አወጣ፤ «ማናቸውም ደላላ በሚሸጠው ቤት ደፍ ላይ ቆሞ የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ ለገዢው ጮክ ብሎ ይናገር፤ አውቆ የደበቀ ሰባት ዓመት በእግር ብረት ይታሰር፤ ቤቱን ያወደሰ መቀጮ ይክፈል፤ ገዢውም ወዲያው ከውሉ ሊወጣ ይችላል።» በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የሚቆም፣ ደረቱ ላይ የናስ ጆሮ የሚያንጠለጥል ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉ ሰሚ ሲሆን ሕዝቡ የመንግሥት ጆሮ ይለዋል። ከመቀጮው አንድ አሥረኛው የሰሚው ድርሻ ስለነበረ፣ ጆሮው ለውዳሴ እጅግ የተሳለ ነበር።

አዋጁ ክፉ አልነበረም፤ ስንቱን ምስኪን ከአፈሳሽ ጣራ አድኗል። ነገር ግን ደላላ ደላላ ነው፤ «የሚያውቀውን» የምትለዋን ቃል ባየ ጊዜ አለማወቅን ሙያ አደረገው። ቤት ሲጎበኙ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚገቡ፣ ባለቤቱ ምድር ቤቱን ሲከፍት ማስነጠስ የሚጀምራቸው፣ «እባክዎ ግድግዳውን አያሳዩኝ፣ ልጆች አሉኝ» የሚሉ ደላሎች በረከቱ። ማር ምላስም በማስነጠስ የሚስተካከለው አልነበረም።

ሁለተኛው የሐዲድ አዋጅ ነው። በመስመሩ ላይ የተገኘ ቤት ለመንግሥት ይሆናል፤ ባለቤቱም የምስጋና ወረቀት ብቻ ይሰጠዋል። ነጋዴ ቀድሞ አውቆ እንዳያተርፍ ደግሞ ሐዲዱ የሚያልፍበትን የገለጠ፣ ሹክ ያለ፣ በጣቱም የጠቆመ፣ በስቅላት ይቀጣል።

ሁለቱ አዋጆች በአንድ ማኅተም ታትመው ወጡ፤ እርስ በርስ ያስተዋወቃቸው ግን አልነበረም።

ማር ምላስ በመካከላቸው የገባው በእራት ሰዓት ነው። ለቀያሾቹ ሰንሰለት የሚጎትተው የሚስቱ ወንድም፣ እርሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አፉን ሞልቶ «ዛሬ ነጩን ችካል የት እንደተከልን ብነግርህ…» ብሎ ጀመረ።

«አትንገረኝ።»

«የግምጃ ቤት ሹሙ ግቢ። ያ የሚከራየው ቤት መሐል ለመሐል።»

ማር ምላስ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፈነ፤ ነገሩ ግን ገብቶ ተቀምጧል። በሳምንቱ የግምጃ ቤት ሹሙ ራሳቸው አስጠርተው፣ «ያችን ቤት ሽጥልኝ፤ ገዢም አግኝቻለሁ፤ አዋላጇ ናት» አሉት። እምቢ ቢል ለምን ሊባል ነው፤ ለምን ለሚለው ጥያቄ ያለው መልስ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገመድ አለበት።

አዋላጇ የማር ምላስን ልጆች ሁሉ በእጇ የተቀበለች ናት። የመጨረሻይቱ ልጅ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ መልኳ ጠቁሮ ስትወጣ፣ አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር፣ አዋላጇ ናት «ዙር፣ ፈሪ፤ ልጅህ ታለቅሳለች» ያለችው። ሊያስጠነቅቃት አንድ ምሽት እስከ ደጇ ሄዶ ነበር፤ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ጎረቤትየዋ የተጠረገ ደጃፍ ስትጠርግ አያት። የላይ ገበያው ደላላ ባለፈው ወር የተወሰደው እንዲህ መጥረጊያ ይዞ ደጅ በሚጠብቅ ጠቋሚ ነው ይባላል፤ ሱቁ እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው። ማር ምላስ ባነሳው እጁ ራሱን አክኮ ተመለሰ። ያችን ፊደል ማጥናት የጀመረው ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

በሽያጩ ጠዋት አዋላጇ ቀድማ ደርሳ፣ ከቤቱ ገብታ ወጥታ ጨርሳ ነበር። የእናት ሆድ ላይ አስደግፋ የፅንስ ልብ የምታዳምጥባት የእንጨት ቀንድ እንደ ወትሮው ከመቀነቷ ተሸጉጣለች።

«ና እስኪ እይ» አለችው። «በስተጓሮ ያለችዋ ክፍል በየጋጣው ለሚወልዱት ትሆናለች። ይቺ ደግሞ የኔ። ሠላሳ ዓመት በሰው በር ስገባ ከውስጥ የምቆልፈው በር ኖሮኝ አያውቅም።»

«መልካም ነው፣ እትዬ» አለ፤ ወዲያውም መልካም ማለት ውዳሴ እንዳይሆን ዘወር ብሎ አየ። የመንግሥት ጆሮ ገና ጫማውን ከጭቃ እያላቀቀ ነበር።

የግምጃ ቤት ሹሙ የብር እጀታ ያለው ዘንጋቸውን ተደግፈው ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር አንድ ባልዲ ተደፍቷል።

«ይሄ ባልዲ ምን ሆኖ ነው የተደፋው?» አለች አዋላጇ።

ነጩ ችካል ከባልዲው ሥር እንዳለ ለማር ምላስ ገባው።

«ባልዲ ምን ይሆናል፣ እናቴ» አሉ ሹሙ ፈገግ ብለው። «ዝናብ እንዳይሞላው ነው።»

«እኛ ቤት እንኳ እንዲሞላ ነው የምናስቀምጠው» አለች አዋላጇ፤ ባልዲውንም አንድ ጊዜ ደግማ አየችው።

ሰሚው ደፉ አጠገብ ቆሞ የናስ ጆሮውን አስተካከለና ሥርዓቱን ጀመረ። «ደላላ፣ የምታውቀውን ተናገር።»

«ጣራው በሰሜን በኩል ያፈሳል። ጭስ ማውጫው ነፋስ ሲነሳ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል።»

«ሌላስ?»

«የጓሮው ጉድጓድ በበጋ ይደርቃል። ጎረቤትየው ደግሞ ይዘፍናል።»

«ዘፈን ጉድለት ነው እንዴ?»

«ክቡር ሰሚ፣ አንድ ቀን ቢሰሙት ይመዘግቡታል።»

አዋላጇ ሳቀች። ሰሚው አልሳቀም፤ መሳቅ በአዋጁ አልተጻፈለትም። «ለመጨረሻ ጊዜ፤ ሌላስ?»

ማር ምላስ ዘወር አለ። ዓይኑ ከጉድጓዱ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አየ፤ ከገመዱ ወደ ባልዲው፣ ከባልዲው ወደ ዘንጉ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አዋላጇ የያዘቻት የእንጨት ቀንድ ላይ አረፈ። እጁን በመቃኑ ላይ አሳረፈ፤ ላቡ በእንጨቱ ላይ አምስት ጣት አተመ።

«እትዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህን ቤት ቢገዙ… ያልፍብዎታል።»

አንድ ጋሪ በመንገዱ አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ማር ምላስ አልተነፈሰም።

«ምን አልክ?» አሉ የግምጃ ቤት ሹሙ። ፈገግታው የለም።

ሰሚው ግን ፊቱ በርቷል። «ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ፤ ያልፍልዎታል ነው ያለው። ግልጽ ውዳሴ ነው፤ መቀጮ አለበት።»

«አይደለም» አሉ ሹሙ። «እሱ ያለው…» ብለው ቆሙ።

«እርስዎ ምን ሰሙ፣ ጌታዬ?» ሲል ሰሚው በትሕትና ጠየቀ።

ሹሙ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ያችን ፊደል የሰማ ሰው ምን እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያልፍ እያወቀ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ደግሞ ለሰሚው ብዙ የሚያስረዳው አለበት። ስለዚህ ዘንጋቸውን ወደ ደላላው አቀኑ። «ይድገመው።»

«ድገመው» አለ ሰሚው።

እንግዲህ ማር ምላስን ጀግና አድርጎ መጻፍ ለተራኪ ቀላል ነበር፤ ሰውየው ግን ጀግና አልነበረም። ጉድጓዱ ላይ ያለው ገመድ በነፋስ ተወዛወዘ፤ አፉም ሠላሳ ዓመት በለመደው መንገድ፣ ዘይት እንደጠጣ የበር ማጠፊያ፣ ተከፈተ።

«ያልፍልዎታል» አለ። «ያልኩት ያልፍልዎታል ነው። የቆየ ልማዴ ነው፤ ይማሩኝ።»

ወደ አዋላጇ ማየት አልቻለም። እርሷ ግን ታየው ነበር። በሥጋና በውኃ ውስጥ የተሸሸገ፣ ከሰዓት ድምፅ ያነሰ ልብ ስታዳምጥ የኖረች ጆሮ «ብ»ን ከ«ል» ትለያለች፤ ሰው ሲፈራ ቃሉን እንደሚያጥፍም ታውቃለች፤ ሁለተኛው ቃል ፍርሃት መሆኑን አውቃ የመጀመሪያውን ያዘች።

«ክቡር ሰሚ» አለች፤ «ይሄ ሰው ቤቱን አወደሰ ማለት ነው?»

«በሚገባ።»

«ደላላ ቤቱን ካወደሰ ገዢ ይወጣል ይላል አይደል አዋጁ?»

«ይላል።»

«እንግዲያው ወጥቻለሁ።»

«እንዴ፣ እናቴ» አሉ የግምጃ ቤት ሹሙ፤ «ቤት የሚያህል ነገር በአንዲት ቃል ይተዋል?»

«ምን ላድርግ፣ ጌታዬ፤ አዋጁ ከወጣ ወዲህ የሚወደስ ቤት ያስፈራኛል።» ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በባልዲው አጠገብ ስትደርስም መቃብር እንደሚዞር ሰው ዞራው አለፈች። በማር ምላስ አጠገብ ስታልፍ ግን ሳትቆም፣ «ልጅቷን ሳምልኝ» አለችው።

ሰሚው መቀጮውን ተቀብሎ፣ ድርሻውን በልቡ አስልቶ፣ ደስ ብሎት ሄደ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀሩ። የግምጃ ቤት ሹሙ ቀስ ብለው መጥተው የደላላውን ኮት አንገት በዘንጋቸው ጫፍ አስተካከሉለት።

«በሚመጣው ሳምንት ሌላ ገዢ አመጣልሃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ምላስህን አደራ። ልጅ አለችህ አይደል?»

«አለችኝ፣ ጌታዬ።»

«ያሳድግልህ» አሉት።

ብዙ ሰው ለልጆቹ ይህን ምርቃት መርቆታል፤ ያን ዕለት ብቻ እንደ ማስፈራሪያ ሰማው።

በተከታዩ ሳምንት የመጡት አንድ ፋኖስ አብሪና አዲስ ያገባት ሚስቱ ነበሩ። ባልየው እጁ በዘይት ጠቁሯል፤ ሚስትየዋ የመስኮቱን መዝጊያ ስትከፍት ስትዘጋ፣ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ማር ምላስ ጣራውን ተናገረ፤ ጭሱን ተናገረ፤ ጉድጓዱንና ዘፋኙን ተናገረ። ሰሚው «ሌላስ?» አለ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ባልዲው እንደተደፋ ነው።

«ሌላ የማውቀው የለም» አለ ማር ምላስ።

ውሉ ሊታሰር ሲል ሚስትየዋ ፈራ ተባ እያለች ቀረበችው። «ጋሼ፣ እናቴ ከእርስዎ ነው የገዛችው፤ አንድ የሚሉት ነገር አለ ብላኛለች። ለኛም ይበሉን እንጂ፤ ያልፍልናል?»

እጁ ወደ መቃኑ ተነሳ፤ መሐል ላይ ቆመ። ሰሚው ጆሮውን አቀና፤ ከአጥሩ ጥግ ዘንጉ ጠጠር ላይ ሲጫን ተሰማ።

«አልናገርም፣ እታለም» አለ። «ሕግ ይከለክለኛል።»

ይህም እውነት ነበር። በዚያ ሳምንት የተናገረው የመጨረሻ እውነት እርሱ ነው፤ ቤትም ከዚያ ወዲያ ሸጦ አያውቅም። ጨው መቸርቸር ጀመረ፤ ሰው ሐዘን ሲያወራለት እንኳ ሌላው እንደሚለው «ያልፋል» ሳይል፣ ጨውን ብቻ እየሰፈረ ይሰጥ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ባቡሩ በባንዲራና በሙዚቃ ገባ። የግምጃ ቤት ሹሙ ንግግር አደረጉ፤ ስማቸውም በጣቢያው ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ፋኖስ አብሪው የምስጋና ወረቀቱን ተቀብሎ ከሚስቱ ጋር ወደ ዘመድ ቤት ገባ፤ ሚስትየዋ በዚያ ዓመት ወለደች፤ ያዋለደቻት ያችው አዋላጅ ናት፤ የወለደችውም በዘመድ ጋጣ ነው። የከተማይቱ ዜና መዋዕል የጉድለትን አዋጅ በእጅጉ ያመሰግነዋል፤ ቤቱ በተሸጠበት ዓመት ከአንድ ደላላ በቀር የተቀጣ እንዳልነበረ፣ እርሱም የተቀጣው ቤት በማወደሱ እንደሆነ፣ ከዚህም የተነሳ ማታለል ከምድሪቱ እንደጠፋ ይተርካል። ስለ ሐዲዱም የጻፈው አጭር ነው፤ «በታችኛው ሰፈር አለፈ» ይላል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ሁሉንም ቃል በሥርዓቱ አስቀምጧል፤ በማን ላይ እንዳለፈ የምታስረዳውን አንዲቱን ፊደል ብቻ ሳይጨምር ቀርቷል።