ቀለም የሚልጥ ዘይት

የአውሮፕላኗ የቀኝ ፍሬን ፔዳል ሰመጠ።

ትንኝ ደግማ ረገጠችው። ምንም ሳይታገል ወለሉ ድረስ ወረደ። ግራው ደረቅ ብሎ ይይዛል፤ ቀኙ ሊጥ ሆኗል።

ለመነሳት አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

«ትንኝ» የምስጢር ስሟ ነው። ያወጣላት አለቃዋ «አጎቴ» ነው፤ ከዚህ የባሰ ስም አጥቶ እንጂ ራርቶላት አይደለም! እዚህ መጋዘን ውስጥ ግን ከአራት ወር ወዲህ ተራ መካኒክ ናት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ይቺን ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ስድስት ዓመት ሠርተዋታል። ዛሬ ድንበር ይሻገሩባታል። ኮሌታቸው ውስጥ ፊልም ተሰፍቷል፤ ታፍነው የተወሰዱ የአርባ ሰዎች ስም አለበት። ማዶ ያለው ሜዳ አጭር ነው። ጫፉ ገደል ነው።

ፍሬኑ ካልያዘ ጋሼም የሉም፣ ስሞቹም የሉም።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«አየር ገብቶበት ይሆናል። እስቲ ይርገጡልኝ።»

ጎማው ሥር ተኝታ ትንሿን ብሎን አላላች።

«ረገጥኩ!»

«ይያዙት!»

«ይዣለሁ! ጉልበቴ ግን አብሮ ሊፈታ ነው!»

አንድም አረፋ አልወጣም። አየር አይደለም።

የጎማውን ውስጠኛ ጎን ዳበሰች። እርጥብ ነው። ጣቷን ወደ ብርሃኑ አወጣች። የአውሮፕላን ፍሬን ዘይት ቀይ መሆን ነበረበት።

ቢጫ ነው።

ዘይቱ የነካው የጎማ ሽፋን ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጦ ይላጣል። የመኪና ፍሬን ዘይት! የዚህችን አውሮፕላን ዘይት የሚያግዱ ጎሚኒዎች አሳብጦ ያፈሳል፤ ቀለምም ይልጣል።

የሞላችውም ራሷ ናት። ትናንት አጎቴ ፊልሙንና አንድ ቆርቆሮ ዘይት አቀበላት። «የአውሮፕላን ነው፣ ስንት ተንከራትቼ ያገኘሁት» አላት። የጎደለው ቀኙ ብቻ ነበር። ቸኩላ ገለበጠችው። ቀለሙን ሳታይ።

በበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየች። አጎቴ ሞተር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሞተር ሳይክሉ ሰማያዊ የቤንዚን ቋት ላይ የመዳፍ ያህል ቀለም ተልጧል። ዘይቱን ወደ ቆርቆሮው ሲገለብጥ ፈሶበታል።

ወይ አጎት!

አውሮፕላኗ ገደል ትገባለች፣ ፊልሙ ይቃጠላል፣ «አደጋ ነው» ይባላል። እሱን ማንም አይጠይቀውም።

«ማን ነው ይሄን የሞላው?» ጋሼ ቢጫውን ጠብታ በጣታቸው ይዘው ቆመዋል።

እውነቱን ብትነግራቸው መዶሻቸውን ይዘው ይወጡለታል። አጎቴ ደግሞ ሽጉጥ አለው።

«እኔ።»

ጋሼ የመለዋወጫ ጎሚኒ ሳጥኑን ገፋ አደረጉላት። ልጄ አላሏትም።

ፈታች። ቱቦውን በአልኮል አጠበች። ጎሚኒዎቹን ቀየረች። ከጋሼ ቆርቆሮ ሥር የተረፈውን ቀይ ሞላች። ጋሼ ረገጡ፣ ያዙ፣ ለቀቁ። ስለ ጉልበት የቀለደ የለም።

ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

ጎማው እንዳይንከባለል የያዘውን የእንጨት ታኮ በገመዱ ስባ አወጣች። የአውሮፕላኗ ሞተር ተነሳ። አጎቴ ከኋላዋ መጣ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

አውሮፕላኗ እስከ መንደርደሪያው አፍ ሄደች። ጋሼ ሊሞክሩት ረገጡ። ቀጥ! አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቆመች።

የአጎቴ ፈገግታ ጠፋ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«ፍሬን ሠራሁ።»

ሞተር ሳይክሉ ላይ ዘሎ ወጣ። መንገዱን ሊዘጋ ነው።

ታኮው እጇ ላይ ነበር።

በገመዱ አሽከርክራ ወደ ሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ ወረወረችው። ሞተር ሳይክሉ ተገልብጦ እግሯ ላይ ወደቀ። አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው። አጎቴ ወዲያ ተወርውሮ ቀረ። አልተነሳም።

አውሮፕላኗ በአቧራው ላይ አልፋ ሄደች። ጋሼ እጃቸውን አላወዛወዙም።

ከአራት ወር በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ የአውቶቡስ ጋራዥ። አንዲት አንካሳ መካኒክ በጎሚኒ ፓኬት ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘች። «ያኔ አውሮፕላኗ ከገደሉ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆማለች። ስሞቹ ደርሰዋል።» ሌላ ቃል የለም። ከጋሼም ምንም የለም።

ወረቀቱን አኝካ ዋጠችው።

«አንቺ አዲሷ!» አለ የጋራዡ አለቃ። «የዚህ አውቶቡስ ፍሬን እየሰመጠ ነው። ዘይት ጨምሪበት፣ ቶሎ በይ!»

ቆርቆሮውን ከፈተች። መዳፏ ላይ አንድ ጠብታ አፈሰሰች።

«ምን ይታያል እዚያ? ሙያ ነው ወይስ ጥንቆላ?»

«ቀለሙን እያየሁ ነው» አለች።