ከኋላ የሚያንኳኳ ሞተር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፤ ሰው ሊሞት ሲል ጉጉት ጮኸ፣ በር ተንኳኳ ሲሉኝ «ነፋስ ነው» ብዬ የማልፍ። እመኑኝ፣ አሁንም መሳቅ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ባሕር ማዶ ዶራ በሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው፣ አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና አለችኝ፣ ሳል የማይለቃት ግን የማትሞት፣ እናም አንድ ሐሙስ ጠዋት ሳስነሳት ያልለመድኩትን ድምፅ ሰማሁ፤ ቋ ቋ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ቋ። ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ አቪ ዘይቱን አየ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ችንጋውን፣ ነካካ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«አሂ፣ ወንድሜ፣ ሞተሩ በሴደር ነው፣ ምንም አልሆነም። ድምፁ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ከኋላ ደግሞ ሞተር የለህም» አለኝ። የኋላ ወንበሩንም የዕቃ መጫኛውንም ፈተሸ፣ ምንም የለም።

እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ታከለ፣ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት አርፏል። እናቴ ልቧ ደካማ ነው፣ ከእሱ ሌላ ወንድምም የላትም፣ ስለዚህ እንደ ወጋችን ሽማግሌዎች በማግስቱ ንጋት ላይ መጥተው፣ ዘመድ ከቧት መርዶውን ይነግሯታል፤ እስከዚያ የእኔ ሥራ ከክሊኒክ አንስቼ፣ ፊቴ ሳይጠቁር ቤት ማድረስ ነው።

ከመሀል ከተማ አነሳኋት። እንደ ልማዷ ከኋላ ተቀመጠች፣ «ሩፌው መርምሮ ጨው ተዪ አለኝ፣ ጨው ከተውኩ ምን ቀረኝ?» እያለች ታወራለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበር እግዜር ይወቀው። በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ስንሄድ ጀመረ፤ ቋ ቋ፣ ቋ። ወሬዋን አቋረጠች።

«አቁም እስኪ ልጄ።»

አቆምኩ፣ ቁልፉንም ነቀልኩ። ሞተሩ ጠፋ። ቋ ቋ፣ ቋ አለ፣ ከአጠገቧ፣ ከባዶው ወንበር።

ፈራሁ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። እናቴ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«በሱዳን መንገድ ማታ ማታ በእግር ስንጓዝ፣ ከኋላ የሚከተለው የመጨረሻው ሰው አጎትህ ነበር» አለች። «በዱላው ድንጋይ እንዲህ ይመታል። ማንም አልቀረም፣ ሂዱ ማለቱ ነው። መቼ አረፈ?»

ምን ልበላት? ነገርኳት፣ ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ፣ መኪና ውስጥ። ልቧ ይቆማል ብዬ እጇን ያዝኩ፣ አልቆመም። ንጋት ላይ የመጡት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቃቸው አገኟት።

ድምፁ ከዚያ ወዲያ ጠፋ፣ አቪ «ሞተሩ ደህና ነው አልኩህ እኮ» አለኝ፣ እኔም ለማመን ሞከርኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሥራ ልሄድ ሳስነሳት ተመለሰ። ለወንድሞቼ ደወልኩ፣ ለእህቴ ደወልኩ፣ ሁሉም ደህና ናቸው። መጨረሻ ላይ ለእናቴ ደወልኩ፤ ስለ መኪናዋ ትንፍሽ አላልኩም፣ ደህና ነኝ አለችኝ።

«አንተስ ልጄ?» አለችኝ።